የገራዱ ወስፌ

ከቦኖሻ ሜዳ ማልደው የወጡት ሃያ አምስት ፈረሶች አንድም ኮርቻ አልነበራቸውም። ፈረሰኞቹ ጭናቸውን የፈረሱ ጎን ላይ አጣብቀው፣ እግራቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው፣ ዛቡን በግራ እጃቸው ጨብጠው ወደ ዋቸሞ ከፍታ ይገሰግሳሉ። ዛሬ ያ ከፍታ ሆሳዕና ይባላል። ዛሬ በዚያው መንገድ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ ለአራት ሲታጨቅ ረዳቱን እየሰደበ ይደርሳል። ይስደብ፣ መብቱ ነው። ቢያንስ ግን ወንበር አለው።

እነዚህ ወንበር የተከለከሉ ናቸው። የሐድያው ገዥ የገራድ ፈትሁዲን አያት አንድ ጊዜ ለሰሜኑ ንጉሥ አልገብርም ብሎ ነጋሪት አስመታ፣ በሦስተኛው ወር ተሸንፎ እግር ላይ ወደቀ። ጃንሆይ ማሩት። ምሕረታቸው ግን ጅራት ነበራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐድያ ሰው ጥሩር የተባለውን የብረት ልብስ አይለብስም፣ ሰይፍ አይታጠቅም፣ በኮርቻ አይቀመጥም፤ በየዓመቱም አንዲት ልጃገረድ ለቤተ መንግሥት ይሰጣል። ስድቡ እንዲሞላ ደግሞ ለንጉሡ ጭፍሮች የሚሆነውን ኮርቻ የሚሰፋው ይኸው በኮርቻ መቀመጥ የተከለከለው አገር ሆነ።

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። በሁለተኛው ትውልድ የገራዱ መኳንንት "ኮርቻ የፈሪ ወንበር ነው" ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ትውልድ ነገሩን ራሳቸው የመረጡት መሰላቸው። በአንጋጫ ገበያ ዎማ የሚባለው የከምባታ ንጉሥ ሰዎች በኮርቻቸው ላይ ተደላድለው ሲያልፉ ሲያዩ ምራቃቸውን ይተፋሉ። የተከለከሉትን ነገር መናቅ ዋጋ የማያስከፍል ጀግንነት ነው፤ ስለዚህም በአገሩ ጀግናው በዛ።

ጠና ይህን ሁሉ ከሰልፉ ኋላ ሆኖ ያስባል። ጠና የጉራጌ ደጋ ሰው ነው። አሞሌ ሲነግድ የንጉሡን ቋንቋ ለመደ፣ ሚስት ሲያገባ የሐድያን ቋንቋ ለመደ፣ አሁን የገራዱ አስተርጓሚ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅ ሁለቱንም ወገን ይንቃል። የሰሜኖቹን በትዕቢታቸው፣ የሐድያዎቹን በኩራታቸው። ራሱን ብቻ አይንቅም። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል አንድ ብልህ ሰው ቢኖር እሱ እንደሆነ ያምናል። እንግዲህ እናያለን።

በሰልፉ መካከል፣ በነጭ ባዝራ ላይ፣ ከራስ እስከ እግር በሐር የተሸፈነች ልጅ አለች። ለንጉሡ መልእክተኛ የሚነገረው ስሟ ሪሀና ነው፣ የገራድ ፈትሁዲን ልጅ። እውነተኛ ስሟ ግን ባፈና ነው፣ የፋቂው የዋቾ ልጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ አምና ድረስ የምትላከው ልጃገረድ ከየጎሣው በተራ ትመጣ ነበር። ዘንድሮ ግን ከጃንሆይ ዘንድ "የዘንድሮዋ ከገራዱ ከራሱ ቤት ትሁን" የሚል ቃል መጣ። ገራድ ፈትሁዲን የሌላ ሰው ልጆች እየሸኘ፣ የሚያለቅሱ እናቶችን "ለአገር ሲባል ነው" እያለ ሲያጽናና ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ለአገር ሲባል የሚባለው ነገር የራሱን ደጃፍ ሲያንኳኳ ግን ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፣ በአራተኛው ቀን ቃዲውን አስጠራ። ቃዲው መጽሐፍ ገለጠና የገራድ ልጅ ሃይማኖቷን ለሚያስክዳት አገር አሳልፎ መስጠት ክልክል መሆኑን አገኘ። ስለ ፋቂ ልጅ መጽሐፉ ምን እንደሚል ግን አልፈለገም። ፋቂዎች መስጊድ አይገቡም፣ ቤተ ክርስቲያን አያውቁም፣ ሰማይ ላይ ያለውን ዋዓ ብለው ነው የሚለምኑት። "ከየትም ቢጎድሉ አይቆጠርም" አለ ቃዲው፣ መጽሐፉንም ከደነ። እንዲህ ሆኖ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ተደረገ።

ዋቾን እሺ ወይስ እምቢ ብሎ የጠየቀው የለም። እምቢ ቢል ጎጆው እንደሚቃጠል፣ እሺ ቢል እንደማይቃጠል ብቻ ነገሩት። ነገሩ ከታወቀ መልእክተኛው ልጅቷንም አባቷንም እንደሚሰቅል፣ ገራዱ ደግሞ "ፋቂ አታለለኝ" ብሎ እጁን እንደሚታጠብ ሁሉም ያውቃል። ዋቾ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"እጇንስ ምን ልታደርጉት ነው?"

እውነቱን ነው። ባፈና ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ቆዳ ስትዘፈዝፍና በወስፌ ስትበሳ የኖረች ልጅ ናት። ጣቶቿ በግራር ቅርፊት ውሃ ጠቁረዋል፣ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ በጠባሳ ተሞልተዋል። ለዚህም መላ ተገኘ። የገራዱ ቤት ሴቶች ሂና በቅል በጥብጠው፣ ቅሉን በዱላ ጫፍ እየገፉ አቀረቡላትና ራሷ እንድትቀባ አደረጉ። ሂናው ጥቁረቱን ዋጠው፣ ሙሽራ መሰለች። ቅሉን ሰበሩት።

ረፋድ ላይ ወይራ ወንዝ ደረሱ። የሰልፉ መሪ አበጋዝ ኸይረዲን ነው፣ የገራዱ የጦር አለቃ። ሰይፍ የሌለው የጦር አለቃ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለገ እሱን ማየት ይበቃዋል። ጢሙ ሰይፍ ያህላል፣ ድምፁም እንዲሁ። ፈረሶቹ ውሃ እንዲጠጡ አዘዘና ከባፈና ሃያ ክንድ ርቆ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ውሃ ጠማኝ" አለችው ጠናን በቋንቋዋ።

ጠና በአንገቱ ያንጠለጠለው ቅል ነበረው። እጁ ወደ ቅሉ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። የፋቂ ከንፈር የነካው ዕቃ ተመልሶ ለሰው አይሆንም፤ ይህን በአገሩ የማያውቅ የለም። ወንዙ ዳር ካለ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ቀደደ፣ አጥፎ ሾጣጣ አደረገው፣ ውሃ ቀዳበትና ክንዱን እስኪያመው ዘርግቶ አቀበላት። ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። የቀረው በሐሩ ላይ ተንጠባጠበ።

"ከዚህ ወዲያ ጌታዬ አትበዪኝ" አላት። "የገራድ ልጅ ነሽ። ጠና በዪኝ።"

"ቅሉን ብትሰጠኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር" አለች።

ጠና ቅሉን ወደ ጀርባው አዞረው። ልማድ ነው፤ ልማድን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል። ቅጠሉን ወንዙ ውስጥ ጣለው።

አበጋዙ ከሩቅ ሆኖ ጮኸ። "ስሚ፣ አንቺ። እዚያ ስንደርስ ትከሻዬን እሰጥሻለሁ። መኳንንት ልጃቸውን እንደዚያ ነው የሚያወርዱት። ረግጠሽ ትወርጃለሽ። ከዚያ ውጪ እንዳትነኪኝ።"

"በየትኛው እግሬ ልርገጥህ?" አለች ባፈና።

ከፈረሰኞቹ አንዱ ሳል ያዘው። አበጋዙ የሳለውን ፈለገ፣ አላገኘውም።

ዋቸሞ ከፍታ ላይ የንጉሡ መልእክተኛ ድንኳን ተተክሏል። ቃለ ሐፄ ኃይለኢየሱስ ይባላል፤ ቃለ ሐፄ ማለት የንጉሡን ቃል አድራሽ ማለት ነው። የራሱ ቃል የለውም፣ ስለዚህም የንጉሡን ቃል በጣም ያስረዝመዋል። በምንጣፍ ላይ፣ በጥላ ሥር፣ የጤና አዳም ቅንጣቢ አፍንጫው ላይ ይዞ ተቀምጧል። በእንዲህ ያለ አገር ውስጥ ያለ ጤና አዳም እንደማይተነፍስ ባለፈው ዓመትም ለጠና ነግሮታል። ሰው ሲናገረው ፊቱን አያይም፤ ከተናጋሪው ራስ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ያለውን አየር ነው የሚያየው። ከጎኑ አንድ ቄስ ቆሟል። በቅሎ ጫኞችና ጋሻ ያዦች ከኋላ ተኮልኩለዋል።

አበጋዝ ኸይረዲን ከፈረሱ ወርዶ ወደ ነጩ ባዝራ ሄደ። ሁሉ እያየው ጎንበስ አለና ትከሻውን ሰጠ። ባፈና ጊዜዋን ወሰደች። ተረከዟን መጀመሪያ አኖረች፣ ክብደቷን ሁሉ ጫነችበት፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች። አበጋዙ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሃያ ሁለት ፈረሰኞች በአንድ ጊዜ ሳል ያዛቸው።

"እመቤቴ" አለ አበጋዙ። ቃሉ የተሰነቀረ አጥንት ከጉሮሮ እንደሚወጣ ሆኖ ወጣ።

"ይቺ ናት?" አለ ቃለ ሐፄ ኃይለኢየሱስ አየሩን እያየ።

"ይቺ ናት፣ ጌታዬ" አለ ጠና።

"ስሟስ?" አለ ቄሱ።

"ሪሀና።"

"በሳምንቱ ትጠመቃለች። ያን ጊዜ ሌላ ስም ይወጣላታል።"

ጠና ይህን ወደ ሐድያ ቋንቋ መለሰላት። ባፈና በሐሩ ውስጥ ሆና ትንሽ አሰበች።

"የሚወስዱት የሪሀናን ስም ነው" አለች። "የኔን የጠየቀኝ የለም።"

"ምን አለች?" አለ ቄሱ።

"እሺ አለች" አለ ጠና።

መልእክተኛው እጁን አወዛወዘ። "ምንጣፉን ከረገጠች ወዲያ የጃንሆይ ሰው ናት። የጃንሆይ ሰው እንደ ከብት ጠባቂ በባዶ ጀርባ አይሄድም። በቅሎዋን አምጡላት።"

የመጣችው በቅሎ ዳማ ናት፣ ከኮርቻው ሥር የተነጠፈው ግላሷ ቀይ፣ እርካቧ ነሐስ፣ ኮርቻዋ በብር ጉብጉብ ያጌጠ። የበቅሎዋ ጆሮ ግን ወደ ኋላ ተኝቷል። ባፈና ይህን ከሁሉ በፊት አየች። ቀጥሎ ያየችው ኮርቻውን ነው። በፊተኛው እንጨት ላይ የተወጠረውን ቆዳ ተከትላ በዓይኗ ወረደች፣ ስፌቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ደረሰች፣ የመጨረሻው ስፌት ድርብ ነበር። አባቷ የመጨረሻውን ስፌት ሁልጊዜ ይደርበዋል። ሌላ ፋቂ እንዲህ አያደርግም፣ ጅማት ማባከን ነው ይላሉ። እጇን ዘረጋችና ነካችው። ሐሩም ከፊቷ ላይ ገለጥ አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብላ መቀመጥ ነበረባት። የገራድ ልጅ ብትሆን ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር፤ የገራድ ልጅ ኮርቻን የምታውቀው በስም ነው። እውነተኛዋ ሪሀና ብትመጣ ኖሮ በየት በኩል እንደሚወጣ ግራ ገብቷት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንሸራትታ፣ የንጉሡን በቅሎ ጫኞች አስቃ፣ በዚህም የአባቷ ልጅ መሆኗን አስመስክራ ትሄድ ነበር። አበጋዙ እንኳ ትከሻውን ሊሰጥ በበቅሎዋ ቀኝ በኩል ጎንበስ ብሎ፣ እርካቡን እንደ ማሰሮ ጆሮ ይዞ ይጠብቃል።

የበቅሎ ጫኞቹ የሆዷን ማሰሪያ ጠፍሩን በታጠፈ ግላስ ላይ አስረውታል። እጥፋቱ የበቅሎዋን ብብት ፈግፍጎ ሊያቆስላት ደርሷል። ባፈና ይህን እያየች መቀመጥ አልቻለችም። አባቷ አሥራ ሁለት ቀን የለፋበት ኮርቻ ነው፣ የበቅሎን የጀርባ አጥንት እንዳይነካ መሐሉን ክፍት አድርጎ የሠራው፣ አሁን ደግሞ አንድ ሰነፍ በጠፍሩ አበላሽቶታል። "ዞር በል" አለችው አበጋዙን።

በግራ በኩል ዞረች። ጠፍሩን በአንድ ጉተታ ፈታች፣ ኮርቻውን ከፍ አድርጋ ግላሱን በመዳፏ አለሰለሰች፣ ወደ ፊት ሁለት ጣት ያህል አስጠጋችው። በቅሎዋ ሆዷን ነፍታ ነበር፣ በቅሎ ሁሉ እንደሚያደርገው። ባፈና በጉልበቷ ጎኗን ገፋ አደረገቻት፣ ትንፋሹ ሲወጣ ጠፍሩን ሳበች፣ አሰረች፣ በመሐሉ ሁለት ጣት አስገብታ ለካች። ከዚያ የግራ እግሯን አውራ ጣት እርካቡ ውስጥ ከትታ ማንም ሳይረዳት ተነሥታ ተቀመጠች። የበቅሎዋ ጆሮ ቀና አለ።

ከበቅሎ ጫኞቹ አንዱ ለጓደኛው "ባለሙያ ናት" ሲል ሁሉም ሰማው።

ባፈናም ያን ጊዜ ምን እንዳደረገች ገባት። እጇን ወደ ሐሩ ውስጥ መለሰች። ዘገየች።

ቃለ ሐፄ ኃይለኢየሱስ ጤና አዳሙን ከአፍንጫው ላይ አነሣ። ጠና በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውየው የሰው ፊት ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። መልእክተኛው መጀመሪያ ፊቷን አየ፣ ከዚያ እጇን፣ ከዚያ እንደገና ፊቷን።

"አስተርጓሚ" አለ በቀስታ። "ኮርቻ በዚህ አገር ለመኳንንት ክልክል አይደለም ወይ?"

"ክልክል ነው፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው የገራድ ልጅ ጠፍር ማሰር ከየት ተማረች? ጠይቅልኝ።"

ጠና ከፊቱ ሁለት መንገድ ብቻ አየ፣ ሁለቱም ገደል ናቸው። ልጅቷ የገራዱ ልጅ ከሆነች ገራዱ ቤቱ ውስጥ በድብቅ በኮርቻ ይቀመጣል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ አመፅ ነው፣ ጦር ያስመጣል። የገራዱ ልጅ ካልሆነች ደግሞ ጃንሆይ ተታለዋል፤ እሷና ዋቾ ይሰቀላሉ፣ ውሸቱን የተረጎመው ሰውም ከጎናቸው ቦታ አያጣም። ብልሁ ጠና ሦስተኛ መንገድ ፈለገ። ምንም አልመጣለትም።

"ምን ይላል?" አለችው ባፈና።

ነገራት።

ባፈና ከበቅሎዋ ላይ ሆና ወደ አበጋዙ ተመለከተች፣ ከዚያ ወደ ጠና። ሁለቱንም ከላይ ነው የምታያቸው፤ ቦታው ተስማምቷታል።

"ገራዱ ራሱ ነው ያስተማረኝ በለው። ለጃንሆይ የሚሄደውን ኮርቻ ለሰው አያምንም፣ በራሱ እጅ ነው የሚሰፋው በለው። ቆዳውንም ራሱ ይፍቃል። እኔን ከጎኑ አስቀምጦ አሳየኝ በለው።"

አበጋዙ በቋንቋው የተባለውን ሰምቶ ዓይኑ ፈጠጠ። "አንቺ ውሻ፣ ገራድን ፋቂ ልታደርጊው ነው?"

"አንተ የተሻለ ካለህ ንገረው" አለች።

አበጋዙ አፉን ከፈተ። ጢሙ ወዲያና ወዲህ ሄደ።

ጠና ያን ጊዜ በሆዱ ውስጥ አንድ ደስታ ተሰማው። ሃያ ዓመት ከትልልቅ ሰዎች ጀርባ ቆሞ ቃላቸውን ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ የሚያመላልሰው ቃል ጣዕም ይኑረው። ወደ መልእክተኛው ዞሮ እጅ ነሣ፣ ሁሉንም ተናገረ፣ ከራሱም ጨመረበት፦

"ጌታችን ገራድ ፈትሁዲን እንዲህ ነው የሚሉት፣ 'እኔ በኮርቻ መቀመጥ ባይፈቀድልኝም ጃንሆይ የሚቀመጡበትን በእጄ መሥራት ክብሬ ነው።' ሌላ ሰው የሰፋው እንደሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጅማቱን በጥርሳቸው ነው የሚያለሰልሱት።"

መልእክተኛው ጤና አዳሙን በጣቱ አሸ። ከዚያ ወደ አበጋዙ ዞረ። "ጦር አለቃው ይናገር። እውነት ነው?"

ጠና ተረጎመለት። አበጋዝ ኸይረዲን የሰባት ጦርነት ጠባሳ አለኝ የሚል ሰው ነው። አንዱም ይህን ያህል አላመመውም። ሃያ ሁለት ፈረሰኞች ከኋላው ትንፋሻቸውን ይዘው ሲጠብቁ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ሁሉም እንዲሰማ ሆኖ ተናገረ።

"እውነት ነው። ጌታችን ገራድ ፈትሁዲን ቆዳ ይፍቃሉ።"

ቃለ ሐፄ ኃይለኢየሱስ መሳቅ ጀመረ። ቄሱም ሳቀ፣ በቅሎ ጫኞቹም ሳቁ። መልእክተኛው አምኖ ይሁን ሳያምን ያወቀ የለም። ሞኝ አልነበረም፤ የንጉሥ ቤት ሞኝን ብዙ አያኖርም። ነገር ግን በፋቂ ልጅ ከመታለል በገራድ ፋቂነት መሳቅ የበለጠ እንደሚጥም፣ ለጃንሆይም ሲነገር የበለጠ እንደሚያምር ወዲያው ገብቶታል።

"ይህን ለጃንሆይ አወራለሁ" አለ እንባውን እየጠረገ። "እንግዲህ ቃላቸውን ስሙ። ለመስቀል በዓል ገራዱ በእጁ የሰፋውን ሁለት ኮርቻ ራሱ ይዞ ይምጣ። እዚህ ምንጣፉ ዳር ተቀምጦ ሦስተኛውን ሲሰፋ አያለሁ። ጣቱንም አያለሁ። እንደዚች ልጅ ጣት ካልሆነ ግን ያን ጊዜ የምንነጋገረው ሌላ ነው።"

ጤና አዳሙን ወደ አፍንጫው መለሰና እንደገና አየሩን ማየት ጀመረ። ነጋሪት ተመታ፣ ድንኳኑ ተነቀለ።

ሰልፉ ወደ ሰሜን ሲነሣ ጠና ከበቅሎዋ ጎን ጥቂት ተራመደ። ለምን እንደሆነ ራሱም አላወቀውም። ምስጋና የጠበቀ ይመስለኛል።

"ለአባትሽ ምን ልበል?" አላት።

"የመጨረሻው ስፌት አልተፈታም በለው። ጠፍሩን ደግሞ ራሴ አሰርኩት በለው።" ከበቅሎዋ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለሌላ ሰው ባፈና ብለህ እንዳትጠራኝ። ለሱ ብቻ ጥራኝ፣ አንድ ጊዜ።"

በቅሎዋን ነካ አደረገቻት። ዞራም አላየችም። ጠና በኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ጀርባዋን አቧራ እስኪውጠው ድረስ አየው። አለቀሰ ብል ውሸት ነው፤ ወደ ፈረሱ የተመለሰው ግን ከሁሉ በኋላ ነው።

ገራድ ፈትሁዲን ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አበጋዙን አየው። አበጋዙ መሬት መሬት ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጠናን አሰቅላለሁ አለ፤ ከሰቀለው ምክንያቱን የሚጠይቅ ይመጣል። ዋቾን አቃጥላለሁ አለ፤ ካቃጠለው መስፋት የሚያስተምረው የለም። ቃዲው መጽሐፍ ገልጦ እንዲፈልግ ታዘዘ፣ ሦስት ቀን ፈለገ፣ ገራድ ቆዳ እንዳይፍቅ የሚከለክል አንድም ቃል አጣ። ልጁ ሪሀና ድናለች፤ ግን ስሟ ከባፈና ጋር ስለ ሄደ በአገሩ ላይ የለችም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ክልክል ሆነባት። የአያትየው ክልከላ ኮርቻ ላይ ነበር፣ የልጅቷ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሆነ።

ዝናብ በገባ በሳምንቱ ገራድ ፈትሁዲን በባዶ ጀርባ ተቀምጦ፣ ጠናን አስከትሎ፣ ከቦኖሻ ውጭ ከሁሉም ጎጆ ርቃ ወደ ቆመችው ጎጆ ሄደ። ወደ ፋቂ ቤት የገባ ገራድ ከዚያ በፊት አልነበረም። በሩ አጭር ስለሆነ አጎንብሶ ገባ። ሽታው ዓይኑን አስለቀሰው።

ዋቾ በፍየል ቆዳ ላይ ተቀምጦ ጥሬ ቆዳ እየፋቀ ነበር። ገራድ ሲያይ ፋቂ ከመንገድ ወጥቶ ፊቱን ወደ አጥር ማዞር አለበት። ዋቾ ግን ቤቱ ውስጥ ነው፤ የሚወጣበት መንገድ የለውም። አልተነሣም።

"ባፈና ልካኛለች" አለው ጠና። ስሟን ከዚያ በፊት ጮክ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። "የመጨረሻው ስፌት አልተፈታም ብላለች። ጠፍሩን ራሷ ነው ያሰረችው።"

የዋቾ መፋቂያ ቆመ።

"ግላሱስ?" አለ።

"ታጥፎ ነበር። አለሰለሰችው።"

ዋቾ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን ለጥቂት ጊዜ ወደ ቆዳው አቀርቅሮ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። መፋቂያውን በጨርቅ ጠርጎ ለገራዱ ዘረጋለት።

"በዚህ በኩል ይያዙት፣ ጌታዬ። ከአንገቱ እንጀምራለን። ከአንገቱ ነው የሚከብደው።"

ገራዱ ፋቀ። ጥቂት ሳይቆይ ላብ በጢሙ ወረደ፣ እጁ ቆሰለ፣ ሽታው ጉሮሮው ውስጥ ገባ። ማሰሮው ጥግ ላይ ነበር፣ ከአጠገቡ የታጠበ ቅል ተሰቅሏል።

"ውሃ" አለ።

ዋቾ ተነሣ። ቅሉን አለፈው። በሩ ላይ ካለው እንሰት አንድ ቅጠል ቀደደ፣ አጥፎ ሾጣጣ አደረገው፣ ውሃ ቀዳበትና ክንዱን ዘርግቶ ለገራዱ አቀበለው። ውሃው በገራዱ የሐር ልብስ ላይ ተንጠባጠበ። ገራዱ ቅጠሉን አየ፣ ዋቾን አየ።

"ልማዱ ነው፣ ጌታዬ" አለ ዋቾ።

ገራዱ ጠጣ። ጠና በሩ ላይ ቆሞ ፈገግታውን ሊደብቅ ፊቱን አዙሮ ነበር። ለባፈና የሚላክ ሰው ቢገኝ ይህን እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት በሆዱ ቃላቱን ይመርጣል። ሲዞር ዋቾ ከፊቱ ቆሞ አገኘው። በእጁ ሁለተኛ ቅጠል አጥፎ ይዟል፣ ክንዱን እስኪያመው ዘርግቶታል።

"አንተም ከሩቅ መጥተሃል" አለው። "ጠጣ።"